ጎንደር ላይ መከፈት ያቆመ ጎኒዮፖራ፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ አረንጓዴ የጎኒዮፖራ ኮራል አመጣልኝ። 120 ሊትር የሚይዘው የባሕር ውሃ ገንዳዬ ከተቋቋመ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሁለት ክላውንፊሽ ዓሦች አሉበት። ኮራሉን በቂ ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ ከድንጋዩ አናት ላይ፣ ከፓምፑ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በደንብ ይከፈት ነበር። አሁን ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ በግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በአንድ ጎኑም የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ነጭ አጥንቱ ታይቷል። ናይትሬትም ፎስፌትም ስለካቸው ዜሮ ናቸው፤ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ አለኝ። ሙቀቱ ጠዋት 22፣ ማታ 27 ዲግሪ ይሆናል። ገንዳው መስኮት አጠገብ ነው፤ መብራቱም በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ውሃው ሲጎድል በሳምንት አንድ ቀን አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት የቧንቧ ውሃ እሞላዋለሁ። በየሁለት ቀኑ የእንቁላል አስኳል በጥብጬ እሰጠዋለሁ። በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒቱስ? ወይስ አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ልላከው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዝርዝሩን አሟልተው ስለጻፉ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው «ኮራሌ ታመመ» ብሎ ብቻ ይልክና መልሱ ከሰማይ እንዲወርድ ይጠብቃል። የእርስዎ ቁጥሮች ግን ራሳቸው ይናገራሉ። ኮራልዎ በሽታ የያዘው አይመስለኝም። ርቦታል፤ የሚኖርበት ውሃም ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሆኖ አይቆይለትም። ለዚህ ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት የለውም። አዲስ አበባም አይላኩት። የደከመ ኮራል በከረጢት ውሃ ታስሮ መንገድ ቢመታ ሞቱ ይፋጠናል እንጂ አይድንም።

ጎኒዮፖራ በአርቢዎች ዘንድ ስሙ የጠፋ ኮራል ነው። በየቤቱ ገንዳ የገባው አብዛኛው ዓመት ሳይሞላው ይሞት ስለነበር፣ ለረጅም ጊዜ የልምድ ባለቤቶች ሁሉ ምክር «አትግዙት» የሚል ነበር። ሰውን ያሳሳተው አሟሟቱ ነው። ሌሎች ስስ ኮራሎች ነገር ሲበላሽባቸው በቀናት ውስጥ ነጥተው ይታወቃሉ። ጎኒዮፖራ ግን ለወራት ተከፍቶና ደምቆ እየታየ በውስጡ ያልቃል። በበጋ ሣር ያጣ በሬ ሻኛውን እየጨረሰ እንደሚሰነብት ሁሉ፣ እሱም በሥጋው ያከማቸውን ስብ እየበላ ይቆያል። ስቡ ሲሟጠጥ መዘጋት ይጀምራል። እንግዲህ እርስዎ ሦስት ሳምንት ያሉት ችግሩ ለዓይን የታየበትን ጊዜ ነው፤ ረሃቡ የጀመረው ገና በደንብ ይከፈት በነበረበት ወቅት ነው።

ለምን እንደተራበ ለመረዳት የአኗኗሩን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ድንጋይ የሚመስለው አካል የብዙ ፖሊፖች፣ ማለትም ኮራሉን የሚሠሩት ትናንሽ እንስሳት፣ የጋራ ቤት ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ረጅም አንገት አለው፤ ጫፉ ላይ 24 ክንዶች፣ መካከላቸው አንድ አፍ። (ቆጥረው 12 ካገኙ የያዙት መልኩን የሚመስለውን አልቬዮፖራን ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ለእሱም ይሠራል።) በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ነጠላ ሕዋስ አልጌዎች በብርሃን ስኳር ሠርተው ያካፍሉታል። ስኳር ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይገነባም። ለሥጋ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያገኘው በክንዶቹ ከሚይዘው ጥቃቅን ምግብና ከውሃው ነው። በተፈጥሮ ጎኒዮፖራ በብዛት የሚገኘው ብርጭቆ በመሰለ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሳይሆን፣ ደለልና ጥቃቅን ነፍሳት በሚንሳፈፉበት ደፍረስ ያለ የባሕር ዳርቻና ገብ ውሃ ውስጥ ነው። በእርስዎ ገንዳ ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። ዓሣ ብቻ ለሚያረባ ሰው ይህ የሚያኮራ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ለጎኒዮፖራ ግን ረሃብ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩልኝ።

አንደኛው ነጩ ቦታ ነው። ዛሬ ማታ መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ፓምፑን ያጥፉና በማጉያ መነጽር ጠጋ ብለው ይዩት። ሥጋው ከአጥንቱ የሚለይበት ጠርዝ ቀጭንና ንጹሕ ከሆነ፣ አጥንቱም ነጭ ወይም ስስ አረንጓዴ አልጌ የጀመረው ከሆነ፣ ኮራሉ ከስቶ ሥጋውን እየሰበሰበ ነው ማለት ነው፤ ጊዜ አለዎት። ጠርዙ ላይ ንፍጥ የመሰለ ቡናማ ነገር ተለጥፎ ውሃው ሲነካው የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡናማ ጄሊ ይባላል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚርመሰመሱበት መበስበስ ነው፤ ከውሃ ሲያወጡት ይከረፋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሙሉውን ኮራል ሊጨርስ ይችላል። ይህን ካዩ ነገ አይበሉ። በቀጭን ቱቦ እየመጠጡ ከገንዳው ያስወጡት፤ ኮራሉን በሌላ ዕቃ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አጥበው፣ ለኮራል ተብሎ በተዘጋጀ የአዮዲን ማጥለቂያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ይንከሩት። የተነከረበትን ውሃ ወደ ገንዳው አይመልሱ። ከፖሊፖቹ አፍ አልፎ አልፎ የሚወጣ ቀጭን ቡናማ ክር ካዩ ደግሞ አይደንግጡ፤ ያ ቆሻሻውን ማስወገጃው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ክላውንፊሾቹ ናቸው። እነዚህ ዓሦች በተፈጥሮ የሚኖሩት አበባ በሚመስለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ፣ በአኒሞን፣ ክንዶች መካከል ነው። አኒሞን በሌለበት ገንዳ ረዘም ያለ ክንድ ያለውን ኮራል ቤታችን ብለው ይይዛሉ፤ ጎኒዮፖራ ደግሞ ለዚህ ይመቻቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲታሹበት፣ ሌሊት ሲተኙበት ፖሊፖቹ መውጣት ይተዋሉ። አንድ ምሽት ከገንዳው ራቅ ብለው ቁጭ ይበሉና ያስተውሉ፤ ሰው ሲጠጋ ዓሦቹ ለምግብ ወደ መስታወቱ ስለሚመጡ ቀርበው የሚያዩት እውነቱን አይነግርዎትም። እየገቡበት ከሆነ ኮራሉ እስኪያገግም ድረስ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ገልብጠው ይክደኑበት። ውሃና ብርሃን ያልፋል፤ ዓሣ አያልፍም።

አሁን ወደ ቦታው። ከድንጋዩ አናት ላይ ያውርዱትና አሸዋው ላይ ያስቀምጡት። ከዱባይ የመጣው ድቡልቡል አረንጓዴ ከሆነ ይህ ዓይነቱ በተፈጥሮውም ለስላሳ ወለል ላይ ልቅ ሆኖ የሚኖር ነው፤ ቀዩና ሮዙ ይሻላሉ፣ አረንጓዴው ከሁሉም ስስ ነው። ከፓምፑ ፊት ያርቁት። ትክክለኛውን የውሃ እንቅስቃሴ የሚያውቁት ፖሊፖቹን በማየት ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ መሆን አለባቸው እንጂ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝተው መቅረት የለባቸውም። በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ ሲያገግም ክንዶቹ ረዝመው ጎረቤቱን ኮራል ይናደፋሉ። መብራቱን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም 9 ሰዓት ያድርጉት። ከዚያ በላይ የሚያበሩት ለራስዎ ዓይን እንጂ ለኮራሉ አይደለም።

ስለ ሙቀቱ ሰፋ አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም የውጭ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ጎንደር ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። ዱባይ ያለ አርቢ የሚጨነቀው ውሃውን እንዴት ላቀዝቅዝ ብሎ ነው። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጎኒዮፖራ የሚፈልገው 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው። 22 ዲግሪ ለአንድ ሌሊት አይገድለውም፤ 27ም አይገድለውም። የሚጎዳው በየቀኑ አምስት ዲግሪ መውጣትና መውረዱ ነው። አልጌዎቹም ሆኑ እሱ ራሱ ለአንዱ ሙቀት ሳይለምዱ ሌላው ይደርስባቸዋል፤ ያለችው ጉልበት ሁሉ ለውጡን በመቋቋም ታልቃለች። ቁጥሩ 24.5 ሆኖ ቢረጋ፣ 26 እየነካ ከሚዋዥቀው እመርጣለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዳውን ከመስኮቱ ያርቁ። ማንቀሳቀስ የማይቻል ከሆነ በፀሐዩ በኩል ያለውን መስታወት በነጭ ፎም ይሸፍኑ፤ ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖች መሸፈን ደግሞ ሌሊት ሙቀት እንዳያመልጥ ይረዳል። ማሞቂያዎ አንድ ብቻና ደካማ እንደሆነ ከጠዋቱ ቁጥር ይታየኛል። 150 ዋት የሆኑ ሁለት ማሞቂያዎችን ከአንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኙ። ሁለት ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ አንድ ትልቅ ማሞቂያ በርቶ ቢቀር ገንዳውን ይቀቅለዋል፣ ጠፍቶ ቢቀር ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ ቢበላሽ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ይደርሱበታል። የጠዋቱን ሙቀት ከ22 ወደ 25 በአንድ ሌሊት አያንሱት፤ በቀን ከአንድ ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ውሃው ሌላው ዋና ጉዳይ ነው። ማፍላት ለመጠጥ ጀርሞችን ይገድላል፣ ክሎሪኑንም ያባርራል። በውሃው ውስጥ የሟሙትን ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ መዳብና ሌሎች ብረቶች ግን አያወጣም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ስለሚተን የቀረው ይበልጥ የተጠናከረ ይሆናል። መዳብ በተለይ ለኮራል መርዝ ነው። የታሸገ ውሃም መፍትሔ አይደለም፤ ለሰው ጣዕም ተብሎ ማዕድን ያለበት ነው፣ ዋጋውም አያዋጣም። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ከሆነ ለችግር ቀን ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የማያምኑትን አይግዙ።

የሚያዋጣው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሙትን ነገሮች የሚያስቀር) ከመጨረሻው የአዮን ማጣሪያ (የተረፈውን የሚለቅም) ጋር ነው። የከተማችን ሰው የሚገጥመው ችግር ግፊት ነው። ማጣሪያው በደንብ እንዲሠራ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ደግሞ አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ እንኳን ለመሙላት አቅም ያጣል። ከሮቶው ወደ ማጣሪያው የምትገባ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ይግጠሙ። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ስለሚመጣ የፊተኛውን የደለል ማጣሪያ ከሌላው ጊዜ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይኖርብዎታል፤ እሱን ረስተው ዋናውን ማጣሪያ ካስደፈኑ ወጪው ከባድ ነው። የተጣለውን ውሃ፣ ከተጣራው ሦስት ወይም አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ በጀሪካን አጠራቅመው ለልብስና ለወለል ይጠቀሙበት። የውሃውን ንጽሕና የሚለካ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት።

በሳምንት አንድ ቀን መሙላትም መቆም አለበት። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። ከገንዳዎ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ 100 ሊትር ያህል ውሃ ይኖራል እንበል። በበጋው ደረቅ አየር በቀን አንድ ሊትር ቢተን በሳምንቱ መጨረሻ ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 37.6 ይደርሳል። ከዚያ እርስዎ በባልዲ ሰባት ሊትር ሲጨምሩበት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 35 ይወርዳል። ለዓሦቹ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ኮራሉ ግን በየሳምንቱ ይህን መናወጥ ሲቀበል ከርሟል። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ቀስ አድርገው ይጨምሩ፤ አቅም ካለዎት በራሱ የሚሞላ ተንሳፋፊ ይግጠሙ። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ይለኩ፤ 35 ወይም በጥግግት መለኪያው 1.026 ላይ ይረጋ።

በየሳምንቱ ከውሃው አሥር በመቶ ይለውጡ። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የአፋር ጨው አይሆንም። ወገን ያመረተው፣ ንጹሕና ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በባሕር ውሃ ከሟሙት ጨዎች ሶዲየምና ክሎራይድ 86 በመቶ ያህል ቢሆኑም፣ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራው ከቀረው ውስጥ በሚገኙት ካልሲየምና የካርቦኔት ወገኖች ነው፤ ማግኒዚየሙም የግድ ነው። ለሪፍ ገንዳ የተዘጋጀውን ጨው ወንድምዎ ሲመላለስ ያምጣልዎት። ለ10 ሊትር 370 ግራም ያህል ይበቃል። ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅለው ሌሊቱን በፓምፕ እየተገላበጠ ያድር፤ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሲስተካከል ይቀይሩ።

ምግቡን በተመለከተ፣ የእንቁላል አስኳሉን ዛሬውኑ ያቁሙ። ስቡ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀሪው በድንጋዩ ሥር ይበሰብሳል፤ ኮራሉ የሚያገኘው ከቁጥር የማይገባ ነው። ጎኒዮፖራ አፉ ትንሽ ነው። የሚመቸው በዱቄት መልክ የተዘጋጀ የኮራል ምግብ፣ በበረዶ የተቀመጠ ሮቲፈር (በጣም ጥቃቅን የውሃ እንስሳ)፣ ወይም በዓይን የማይታይ ሕያው የባሕር አልጌ ነው። የአርቴሚያ (የጨው ውሃ ጥቃቅን ሽሪምፕ) እንቁላል ቆርቆሮ ማግኘት ከቻሉ በማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ በጨው ውሃ ውስጥ በ26 እና በ28 ዲግሪ መካከል አየር እየተነፋበት በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የእርስዎ ፖሊፖች ሊይዙት ይችሉ እንደሆነ በማጉያው ሞክረው ያዩታል።

አሰጣጡ ከምግቡ አይተናነስም። ፓምፖቹንና አረፋ ሰብሳቢውን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ፣ ካለዎት) ያጥፉ። ምግቡን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በጥብጠው፣ መጀመሪያ ከኮራሉ በላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ያድርጉና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ሽታው ሲደርሳቸው በግማሽ የወጡት ፖሊፖች እንኳን አንገታቸውን ትንሽ ያስረዝማሉ። ከዚያ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከአንድ ስንዝር ርቀት ቀስ ብለው ይልቀቁት። በማጉያው ሲያዩ ቅንጣቷ ክንዱ ጫፍ ላይ ትጣበቃለች፤ ክንዱ ወደ አፉ ይታጠፋል፤ አፉ ትንሽ አበጥ ብሎ ይውጣታል። ቅንጣቶቹ ሳይያዙ ተንከባለው ከወደቁ ምግቡ ሸካራ ነው። ፖሊፖቹ ድንገት ሁሉም ከገቡ ደግሞ ስሪንጁን አጥብቀው ገፍተዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አረፋ ሰብሳቢውን ይመልሱ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ መጀመሪያ ላይ የማሸጊያው ትእዛዝ ከሚለው ግማሹን ብቻ ይስጡ።

ሙቀቱ ከረጋ በኋላ ፎስፌት መጣጩን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሹን በአንድ ሳምንት፣ የቀረውን በሚቀጥለው ያውጡ። ለዓሦቹም ምግብ ጨመር ያድርጉ። የምንፈልገው ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ነው። መስታወቱ ላይ አልጌ ቶሎ ቶሎ መያዝ ሲጀምር ብዙ ሰው ደንግጦ ማጣሪያውን ይመልሳል። እባክዎ አይመልሱ፤ መስታወቱን ይጥረጉ።

ማዕድናቱን በአጭሩ፦ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 dKH፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ። አንድ ኮራል ብቻ ባለበት ገንዳ ሳምንታዊው የውሃ ለውጥ ይሸፍነዋል። ማንጋኒዝና ብረት ለጎኒዮፖራ ጥሩ ነው እያሉ በጠርሙስ የሚሸጡ አሉ፤ ብዙ አርቢዎችም ይመሰክራሉ። እኔ ግን ቤት ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት የሚያስቸግረውን ነገር ገንዳ ውስጥ ማፍሰስ አልወድም፤ በአዲስ የጨው ውሃ ውስጥ ሁለቱም በመጠኑ አሉ።

የመብራት መቋረጥን አልጠቀሱም፤ እዚሁ እየኖርን ግን ሳላነሳው ማለፍ አልችልም። በጎንደር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ጠለል በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እዚህ የሚይዘው 5.2 አካባቢ ነው። ማለት፣ ገና ሲጀመር ከወደብ ከተማ ሰው ያነሰ ስንቅ ይዘው ነው የሚነሱት። ሌሊት አልጌዎቹ ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ ኮራሉ፣ ዓሦቹ፣ በድንጋዩ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ግን ይተነፍሳሉ። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፦ መጀመሪያ የውሃ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ብርሃን የመጨረሻ ነው። ኮራል ያለ መብራት ሁለት ቀን ቢያድር አይሞትም፤ ሌሊቱን በቆመ ውሃ ውስጥ ማደር ግን ሊገድለው ይችላል። መብራት ሲጠፋ በራሷ የምትነሳ የባትሪ አየር ፓምፕ ይግዙ። ለሙቀቱ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በገንዳው ዙሪያ ይጠቅልሉ፤ አናቱን ግን አይክደኑ፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። የውሃው ገጽ ቅባት እንዳይዝም ይጠንቀቁ። የጸጉር ቅቤ የነካው ወይም ሎሽን ያለው እጅ ገንዳ ውስጥ ሲገባ የሚተወው ስስ ሽፋን አየር ያግዳል፤ ክንድዎን እስከ ላይ ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ደጋግመው ታጥበው ይግቡ።

ገንዳው ሳሎን ውስጥ ከሆነ የቡናው ነገር አለ። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ሲቀጣጠል ክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ጋዙ ወደ ውሃው ገብቶ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል። የአየር ፓምፑ ደግሞ የዕጣኑን ጭስ እየሳበ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይነፋዋል። ቡና ይቅር የሚል ምክር ከእኔ አይጠብቁ። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ማጨሻው ከገንዳው ራቅ ይበል፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ለቤተሰቡም ጤና ይበጃል። የትንኝና የበረሮ መርጫን ግን በዚያ ክፍል ጨርሶ አይጠቀሙ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ለማድረግ አይነሱ። የመጀመሪያው ቀን ኮራሉን ያውርዱ፣ አስኳሉን ያቁሙ፣ ፀሐዩን ይከልሉ። ሙቀቱ ሳይረጋ ሌላ ነገር አይንኩ። ከዚያ በየቀኑ መሙላት ይጀምሩ፤ ፖሊፖቹ ትንሽ ሲወጡ ምግቡን ይቀጥሉ። መሻሻሉ የሚታየው መጀመሪያ ጠዋት ላይ ነው፤ መብራቱ በበራ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውጣት ከጀመሩ አቅጣጫው ተስተካክሏል። ሙሉ አንገታቸውን ለማስረዘም ግን ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይወስዳሉ። የተራቆተው አጥንት ላይ አልጌ ካልወፈረበት ሥጋው ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ባይመለስም ግድ የለም፤ ጠርዙ ባለበት ከቆመ አሸንፈዋል። እየሰፋ ከሄደ ግን ጤነኛውን ክፍል በመጋዝ ለይቶ ማትረፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ይጻፉልኝ፣ ቆረጣው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ወንድምዎ ሌላ ኮራል ሊያመጣ ካሰበ አሁን አይሁን። ወደፊትም ቢሆን ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ (CITES) ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ከሚላክበት አገር የመውጫ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በእኛ በኩል የሚመለከተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሲገዛም ከባሕር የተነቀለውን ሳይሆን በገንዳ ተቆርጦ ያደገውን ቁራጭ ይምረጥ፤ ከገንዳ ኑሮ ጋር የተላመደ ነው።

ለአሥር ቀን ሙቀቱን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ እየጻፉ፣ ከናይትሬቱና ከፎስፌቱ ንባብ ጋር ይላኩልኝ። የነጩን ቦታ ፎቶግራፍ ሲያነሱ ሰማያዊውን መብራት አጥፍተው በነጩ ብቻ ያንሱት፤ በሰማያዊው ብርሃን የቆሰለው ጠርዝ አይለይም።